ራሱን የገዛ ሰው

ያለምወርቅ ያንን መጠይቅ ወደ አማርኛ ለመመለስ ስትስማማ፣ ሆድ የሚያገላብጥ ሥራ ይሆናል ብላ አላሰበችም። እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር። አዲስ አበባ የጀመረችውን የሥነ ልቦና ትምህርት ሳትጨርስ በሱዳን በኩል ወጥታ፣ ቶሮንቶ ገብታ፣ ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታሽግ ዓመታት ካለፏት በኋላ፣ በማታ ትምህርት ዲግሪዋን ከያዘች ገና መንፈቋ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ 1996፣ ብርዱ ሊለቅ ትንሽ ሲቀረው ነበር። አንድ የጥናት ማዕከል አማርኛም ሥነ ልቦናም የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ቀጠራት።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ካሮል መጠይቁን በየስደተኛው ቋንቋ ለማዘጋጀት የተነሣች ሴት ናት። ሰው ንዴቱን፣ አምሮቱንና ሕመሙን ምን ያህል መያዝ እንደሚችል የሚለካ አርባ ጥያቄ ነው። የቱርክኛው ሥራ የተሰጠው ለኑርጃን ነው፤ ከኢዝሚር የመጣች፣ ሲጋራ ከእጇ የማይለይ፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚገዝፍ ሴት። ሁለቱ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው በእንግሊዝኛ ሲከራከሩ ይውሉና፣ ከዚያ እያንዳንዳቸው ወደየቋንቋቸው ይገባሉ።

«ይህን ርዕሱን ምን አልሽው?» አለቻት ኑርጃን አንድ ቀን።

«ቁጥጥር ብዬ ሳየው የፍተሻ ኬላ መሰለብኝ። ራስን መግዛት አልሁት።»

«መግዛት ማለት?»

«መንገሥ ነው። ከገበያ ዕቃ መግዛትም ነው።»

ኑርጃን ሳቀች። «እኛ ነፍስህ ላይ ዳኛ ሁን እንላለን። የእኛ ወንዶች ደግሞ በወረቀት ከተጠየቁ ሁሉም ዳኛ ናቸው።»

ያለምወርቅ በቃላቷ ትኮራ ነበር። የፈረንጁ ጥያቄ «ስናደድ እስከ አሥር እቆጥራለሁ» የሚለውን እርሷ «ስናደድ ምራቄን ዋጥ አድርጌ አስባለሁ» አለችው። ምራቁን የዋጠ ሰው ማን እንደሆነ አማርኛ የሰማ ሁሉ ያውቃል። ስለ ምግብ አምሮት የሚጠይቀውን ለጥቂት ሰዎች ስታሰማቸው፣ ሁዳዴ ላይ ነበሩና ተያይተው ሳቁ። እርሷም አብራ ሳቀች። ጽሑፉ እንደ ትርጉም ሳይሆን ከሰው አፍ እንደ ወጣ እንዲነበብ ደከመችበት፤ ተሳካላትም።

መጀመሪያ ቅር ያላት መጠይቁ በማን ላይ እንደሚሞከር ስትሰማ ነው። ሚስቶቻቸውን መትተው ፍርድ ቤት ከቤት ያስወጣቸውና ትምህርት እንዲከታተሉ ያዘዘባቸው ሐበሾች ነበሩ። ትምህርቱን በአማርኛ የሚሰጣቸው ወልደ ሚካኤል የሚባል ሶሻል ወርከር ነው። ከመስከረም ጀምረው ተምረው ሊጨርሱ ነው። በመጠይቁ ጥሩ ውጤት ያመጣ፣ ታርሟል ተብሎ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ለፍርድ ቤቱ ይጻፍለታል።

«ሚስቱን የሚመታ ሰው ራሱን መግዛት ያቃተው ሰው ነው» ትል ነበር ዶክተር ካሮል። ያለምወርቅም ያን ጊዜ ይህንኑ ታምን ነበር።

ሙከራው የተካሄደው ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ የእርጥበት ሽታ በማይለቀው ክፍል ውስጥ ነው። እያንዳንዱን ሰው ለብቻው አስቀምጣ ጥያቄውን ታነብለታለች፤ ይመልሳል፤ ከዚያ «ይህን ሲመልሱ ምን አሰቡ?» ትለዋለች። ጥያቄውን በትክክል መረዳቱን የምታጣራው እንደዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ አለቀሰ፣ አንዱ ሚስቱን ረገመ፣ አንዱ ትክክለኛው መልስ የትኛው እንደሆነ ጠየቃት። ሲወጡ ደከማት እንጂ አልቀፈፋትም።

ከእነርሱ በኋላ ዘመድኩን ገባ። ሃምሳ የሚሆነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ የጸዳ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። አገር ቤት የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበር፤ እዚህ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ መጋዘን የፈረቃ ኃላፊ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ውስጥ አለ፤ ሰው ሲጣላ አስታራቂ ተብሎ የሚጠራው እርሱ ነበር። ያለምወርቅ ሚስቱን እሌኒን በዓይን ታውቃታለች። ሬክስዴል በሚባል ሰፈር ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ ቅዳሴ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ያውቃሉ።

«ብርድ ነው መሰለኝ፣ እህቴ። ማሞቂያውን ከፍ ላድርገው?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«አይ፣ ደኅና ነኝ። ይቀመጡ፣ አቶ ዘመድኩን።»

የስምምነቱን ወረቀት አነበበችለት። የሚናገረው ምስጢር እንደሆነ፣ ነገር ግን በሰው ላይ አደጋ የሚያደርስ ነገር ከሰማች ዝም እንደማትል ነገረችው። ራሱን ነቀነቀና ፈረመ። አርባውንም ጥያቄ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል መለሰ። መሀል ላይ ቆም ብሎ «አማርኛው ውብ ነው። ማን ተረጎመው?» አላት። እርሷ መሆኗን ስትነግረው ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጅ ነሣት።

«ስናደድ የማደርገውን አላውቅም» የሚለው ላይ ደረሱ።

«ፈጽሞ» አለ።

«ይህን ሲመልሱ ምን አሰቡ?»

ጥቂት አሰበና፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ መምህር ወደ ፊት ቀረብ አለ። «እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ተናድጄ ሰው ነክቼ አላውቅም። ፍርድ ቤቱም ሽማግሌውም ንዴት ነው አሉ፤ ዝም አልኋቸው፤ የሚገባቸው እርሱ ነው። የሚናደድ ሰው ይጮኻል፣ ዕቃ ይሰብራል፣ ጎረቤት ይጠራል። እኔ እንደዚያ አይደለሁም። እሌኒ ስታጠፋ በጊዜው ምንም አልላትም። እራቴን እበላለሁ፣ ልጆቹን አስጠናለሁ። ቀን ሊያልፍ ይችላል፣ ሳምንትም ሊያልፍ ይችላል። እርሷም የተረሳ ይመስላታል። ከዚያ ልቤ ረጋ ሲል ሰዓቴን አወልቃለሁ፣ ምልክት እንዳይተው። ልጆቹን ክፍላችሁ ግቡ እላለሁ። ፊት አይነካም። ፊት የሚመታ ራሱን ያልገዛ ሰው ነው።»

ያለምወርቅ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሣች።

«ቀጥሎ ያለውም ያው ነው» አለ ዘመድኩን ወረቀቱን በጣቱ እያመለከተ። «ምራቄን ዋጥ አድርጌ አስባለሁ። ሁልጊዜ። ሁልጊዜ የሚለው ላይ አድርጊልኝ።»

አፏ ውስጥ ምራቅ ሞላ። እጇ ግን የለመደውን አደረገ፤ «ሁልጊዜ» የሚለው ላይ ምልክት አኖረ። የሚያስጠላው መዋሸቱ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ሰውየው አንድም ቃል አልዋሸም። ከሁሉም ይልቅ በእውነት የመለሰላት እርሱ ነው፤ የመለሰውም እርሷ አጣርታ፣ አጥባ ባዘጋጀችው አማርኛ ነው።

ሲወጣ ከኪሱ የሚንት ከረሜላ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። «ጉሮሮሽ ደርቋል፤ ብዙ አነበብሽ» አላት። በሩን በቀስታ ዘጋው። ያለምወርቅ ሮጣ መጸዳጃ ቤት ገባችና የበላችውን አስመለሰች።

ውጤቱ ሲደመር ዘመድኩን ከሁሉም በላይ ሆነ። ለኑርጃን ደጃፍ ላይ፣ ሲጋራዋን ስታጨስ ነገረቻት። ኑርጃን ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም።

«እኔ የምጠይቃቸው ወንዶች ከመልካቸው ያስታውቃሉ» አለች። «እንደዚህ ያለ አላጋጠመኝም። ወይም አጋጥሞኝ አልነገረኝም። ሂጂ ለካሮል ንገሪያት።»

ዶክተር ካሮል የውጤቱን ወረቀት ዘርግታ በደስታ ጠበቀቻት። «ይህ ሰው ትምህርቱ እንደሚሠራ ማስረጃ ነው» አለች። ያለምወርቅ የሰማችውን ቃል በቃል ተረጎመችላት። ዶክተሯ አዳምጣ ስታበቃ መነጽሯን አወለቀች።

«ያለፈ ታሪኩን ነው የነገረሽ። ከትምህርቱ በፊት የነበረውን።»

«አይደለም። አወለቅሁ አላለም። አወልቃለሁ ነው ያለው።»

«ይህ የአሁን ጊዜ ነው ወይስ የወደፊት?»

«በእኛ ቋንቋ ሁለቱንም ይሆናል።»

ዶክተር ካሮል የውጤቱን ወረቀት መልሳ አየች። ያለምወርቅ ለአፍታ የገባት መስሏት ነበር።

«እንግዲያው አሻሚ ነው» አለች ዶክተሯ። «በአሻሚ ቃል የተሳታፊን ምስጢር አንከፍትም። ደግሞ አስቢው፤ የእኛ ሥራ መለኪያው በትክክል መለካቱን ማረጋገጥ ነው። አንቺ እንዳየሽው ይህ ሰው ራሱን ይገዛል ወይስ አይገዛም?»

«ይገዛል።»

«ታዲያ መለኪያው ሠርቷል።»

ክፍሉ ብሩህ ነበር፤ መስኮቱ ላይ አበባ አለ፤ ዶክተሯ መልካም ሽቶ ትሸታለች። ያለምወርቅን ከዚያ ከምድር ቤቱ ክፍል ይልቅ ይህኛው ሸተታት። ተነሥታ ወጣች።

ለወልደ ሚካኤል ደወለችለት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞታል። «ዘመድኩን እኮ ከሁሉም የተሻለው ነው» አለ። «የሚጨቃጨቁትን የሚያበርድልኝ እርሱ ነው። ሽማግሎቹም ለፋሲካ ቤቱ እናስገባው ብለው ጨርሰዋል። ሰው ሲመለስ ደስ ሊለን ይገባል፣ ያለምዬ።» እርሱም ሰዓት ስለማውለቁ የነገረችውን ከሰማ በኋላ፣ «እስቲ አስብበታለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። መልሶ አልደወለም።

ቅዳሜ ጠዋት የምድር ውስጥ ባቡር ይዛ፣ ከዚያ አውቶቡስ ቀይራ ሬክስዴል ሄደች። መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር፤ እሌኒ በሩን ስትከፍት ግን ያሰናዳችው ጠፋባት። እሌኒ አየር ማረፊያው አካባቢ ካለ ሆቴል ከሥራ መምጣቷ ነው፤ የደንብ ልብሷን አልቀየረችም። ከቤተ ክርስቲያን እንደምታውቃት ሲገባት አስገባቻት፣ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት።

«ከሽማግሎቹ ተልከሽ ነው?» አለቻት።

«አይደለም። ባለቤትሽን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ለጥናቱ። እንዲህ ብዬ ልነግርሽ አይፈቀድልኝም። ግን ስለ ሰዓቱ ነገረኝ።»

እሌኒ ከአፏ ነጥቃ ጠየቀች። «ሰዓቱን እንደሚያወልቅ?»

«አዎ።»

«በራሱ አፍ?»

«በራሱ አፍ። ተናድጄ አላውቅም አለኝ።»

እሌኒ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ስትናገር ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

«እኔ እኮ አብጄ ነው እያልሁ ነበር። ሲመታኝ ተናዶ አያውቅም። ይህን ለማን ልንገር? ፍርድ ቤት ቆሞ ንዴት አሸነፈኝ ብሎ አለቀሰ። ሽማግሎቹ ንዴት በሽታ ነው፣ ተምሮ ዳነ አሉኝ። ከሽማግሎቹ መሀል ያሉት ወይዘሮ ዓለምሸት ሳይቀሩ በቀደም እዚሁ መጥተው፣ የታመመ ባል ተጥሎ አይታደርም ብለው መከሩኝ። እኔም ይሁን አልሁ። ሕማማት ሳይገባ ይምጣ ብዬ ቃል ሰጠሁ። እርሱን እንደ በሽተኛ ላስታምም ቆርጬ ነበር።»

«አትቀበይው።»

«አልቀበለውም። ግን ለእኔ የነገርሽኝን እነርሱ ፊት ትናገሪዋለሽ? እኔ ብናገር የከፋት ሴት ወሬ ነው።»

ያለምወርቅ ሥራዋን አሰበች፤ የፈረመችውን የምስጢር ቃል አሰበች። በዚያው ወረቀት ላይ በሰው ላይ አደጋ ካለ ዝም አልልም የሚለውን ራሷ አንብባለት እንደነበርም አሰበች። «እናገራለሁ» አለች።

ከሆሳዕና በፊት ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሎቹ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሦስት ወንዶችና ወይዘሮ ዓለምሸት ናቸው፤ በዕድሜም በአነጋገርም ሁሉ የሚያከብራቸው ሴት። ዘመድኩን ለስብሰባው በሕግ ተፈቅዶለት መጥቷል፤ ወልደ ሚካኤል አጠገቡ ተቀምጧል። ያለምወርቅ ቆማ የሰማችውን ተናገረች። ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ እርሱ በተናገረበት ቃል።

ዘመድኩን ተነሣ። ፊቱ ላይ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችም። «እህታችን ብዙ ሠርታለች፣ ደክሟታል» አለ ረጋ ብሎ። «ትርጉም ከባድ ሥራ ነው፣ ነገር ይቀላቀላል። እኔ አልቀየምኋትም። ጾም ነው፤ ሁላችንም ይቅር እንባባል።» ቀረብ ብሎም ሊስማት ጉንጩን አስጠጋ።

ያለምወርቅ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከሸሚዙ የተነሣው የሳሙና ሽታ ያንኑ ምራቅ አፏ ውስጥ መለሰው። አንዱ ሽማግሌ «አያችሁ፣ ምራቁን የዋጠ ሰው ማለት ይህ ነው» ብለው ሲያጉረመርሙ ሰማች።

ወይዘሮ ዓለምሸት ግን ዓይናቸውን ከእሌኒ ላይ አላነሡም። «ልጄ፣ ሰዓቱን ያወልቃል?» አሏት።

«ያወልቃል፣ እማማ።»

«የት ያኖረዋል?»

«ቴሌቪዥኑ ላይ። ማሰሪያውን ቀጥ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ላይ። ሲጨርስ እጁን ይታጠብና መልሶ ያስረዋል። ከዚያ ሻይ አምጪልኝ ይለኛል።»

ወይዘሮ ዓለምሸት ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ለመነሣት ሲሞክሩ ዘመድኩን ፈጥኖ ክንዳቸውን ሊይዝ ጎንበስ አለ። እጁን እንደ ትኩስ ነገር ገፉት። «አትንካኝ» አሉት። ወደ ሌሎቹ ዞረውም፣ «እኔ ይህችን ልጅ ተመልሰሽ ግቢ ያልሁበትን አፌን እግዚአብሔር ይቅር ይበለው። ከዚህ ሽምግልና ወጥቻለሁ» ብለው ሄዱ። ከሽማግሎቹ አንድ ሲጎድል ሌሎቹ መበየን አቃታቸው፤ ጉዳዩ በዚያው ፈረሰ።

በማግሥቱ ያለምወርቅና እሌኒ አብረው ሄደው ጉዳዩን ለሚከታተለው የፍርድ ቤት ሰው ነገሩት። ዘመድኩን ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ታገደ። ከዚያ በላይ ምንም አልሆነም። አልታሰረም፤ ከሰበካ ጉባኤውም አልወጣም። መጋዘኑ እንዲያውም እድገት ሰጠው ሲባል ሰማች።

ዶክተር ካሮል ያለምወርቅን ያሰናበተቻት በትሕትና ነው። የተሳታፊ ምስጢር አውጥተሻል አለቻት። ያለምወርቅ አልተከራከረችም፤ ስሟን ከሥራው ላይ እንዲያጠፉ ብቻ ጠየቀች፤ አጠፉት። አማርኛው ግን ቀረ። ኑርጃን፣ የእያንዳንዱ ሰው ሚስት ካልተጠየቀች የቱርክኛውን አላስረክብም ብላ እስከ ሐምሌ ከተሟገተች በኋላ፣ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እርሷም የሥራ መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች። ያለምወርቅ ወደ ኢቶቢኮው መጋዘን አልተመለሰችም፤ በከተማው ምሥራቅ በአንድ የሴቶች መጠለያ አስተርጓሚ ሆነች።

ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ድፍረት ያገኘችው የቶሮንቶ ብርድ ሊገባ ሲል ነው። ደጃፉ ላይ ዘመድኩን ቆሞ ምእመኑን በየተራ ሰላም ይላል። ስትደርስ እጁን ዘረጋላት። እርሷ እጇን ከኮቷ ኪስ አላወጣችም። እርሱም እጁን አልመለሰም፤ ፈገግ እንዳለ፣ ሳይቸኩል፣ ሰዎች ሁሉ እስኪያዩ ድረስ ዘርግቶ ቆየ። ከኋላዋ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። አንዲት ሴት «ምን ዓይነት ልብ ነው» ስትል ሰማቻት፤ ስለ እርሷ ነበር። አልፋው ገባች። ቅዳሴው መሀል ላይ ግን የዕጣኑ ሽታ ሳይቀር ያቅለሸልሻት ጀመር። በጎን በኩል ባለው በር ወጣች።

እሌኒ ያን ጊዜ ልጆቿን ይዛ ክሬሰንት ታውን ወደሚባል ሰፈር ተዛውራ ነበር። ያለምወርቅ ከቤተ ክርስቲያኑ በቀጥታ ወደዚያ ሄደች። ከሊፍቱ እንደ ወረደች ጩኸቱን ሰማችው። ሁለቱ ልጆች በቴሌቪዥን ተጣልተዋል፤ ትልቋ ሔርሞን በእንግሊዝኛ ትሳደባለች፣ ትንሿ እግሯን ወለሉ ላይ ትደበድባለች። እሌኒ በሩን ከፈተች፤ ከኋላዋ አንድ ነጠላ ጫማ በርሮ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ሔርሞን! ጎረቤት ይሰማል!» ብላ ዞራ ጮኸች እሌኒ፤ ጩኸቷ ከልጆቹ በለጠ። ከዚያ ያለምወርቅን እጇን ይዛ አስገባቻት። «ቆይ ትንሽ» አለቻት ወንበር እየሳበች፤ «ይጩኹ። አባታቸው ባለበት ድምፃቸው አይሰማም ነበር። ሲበቃቸው ይተዉታል።»